ኑዛዜ፦ ወላጅ ከሀብት ሌላ የሚተወው

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር፤ ሙሉ ቃል



እንደምታውቁት የውርስ ሕግ አስተማሪ ነኝ። በዚህ መድረክ እንድናገር ስጋበዝ አዘጋጆቹ የርእሱን ምርጫ ለእኔ ተዉልኝ። እኔም ተማሪዎቼ በየዓመቱ የሚያነሡትን፣ በሕግ ቋንቋ ብቻ ለመመለስ ግን የተቸገርሁበትን አንድ ጥያቄ መረጥሁ። ወላጅ ሲሞት ንብረቱ ተቆጥሮ፣ ዕዳው ተከፍሎ፣ ድርሻው ለየወራሹ ከተሰጠ በኋላ የሚቀር ነገር አለን? ካለስ ምንድን ነው? ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውስ በምን መንገድ ነው?

ጥያቄውን መጀመሪያ በርስት ልማዳችን፣ ቀጥሎም በፍትሐ ብሔር ሕጋችን በኩል እመለከተዋለሁ። ከዚያም በገዛ ቤታችን የደረሰ አንድ ጉዳይ አቀርባለሁ። ይህን ጉዳይ በአደባባይ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ታላቅ ወንድሜና ታናሽ እኅቴ ፈቅደውልኛል። እናቴም ስጠይቃት “የሆነውን ተናገር፤ ያልሆነውን ግን አትጨምርበት” ብላኛለች።

የፈር ዋጋ

የተወለድሁት በደቡብ ጎንደር፣ በላይ ጋይንት ወረዳ፣ ከንፋስ መውጫ ከተማ በእግር በሚደረስ የገጠር ቀበሌ ነው። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው ንፋስ መውጫን ያውቃታል፤ ማንም ሳይነግረው መስኮቱን የሚዘጋባት ከተማ ናትና። ስሟ ያለ ምክንያት አልወጣላትም። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስ፣ ስንዴና ድንች ያበቅላል። ቁልቁል ሲወርዱ ቆላ ነው። ማሳው ተዳፋት፣ አፈሩ ብዙ ዘመን የታረሰና በጎርፍ የተጠረገ ነው። የአብዛኛው ገበሬ ይዞታ ከአንድ ሄክታር በታች ሲሆን፣ ያውም በሦስትና በአራት ቦታ የተበጣጠሰ ነው።

በእንዲህ ያለ አገር ስለ ውርስ ሲነገር ሰው የሚያስበው በፈር ነው። አንድ ፈር ስንት ቁና ገብስ እንደሚያስገባ ልጅ እንኳ ያውቃል። መሬት ያልደረሰው ወጣት ሰሊጥ ሊያጭድ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይወርዳል፤ ሌላው ከተማ ገብቶ የቀን ሥራ ይፈልጋል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ወረዳው በሴፍቲኔት የሚረዱ ብዙ አባወራዎች አሉት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ “ከሀብት በላይ የሆነ ውርስ” የሚለው ሐሳብ ለድሃ የሚሰጥ ርካሽ ማጽናኛ እንዳይሆን ስለምፈራ ነው። የራበው ልጅ የአባቱን መልካም ስም አይበላም። መሬት ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ የምናገረው ታሪክ ትርጉም የሚኖረውም መሬት በዚህ መጠን ውድ በሆነበት አገር ስለተፈጸመ ነው።

“የማን ልጅ ነህ?”

በቤጌምድርና በጎጃም እስከ 1967 ዓ.ም. የኖረው የርስት ሥርዓት ለብዙዎቻችሁ የታሪክ ትምህርት ነው። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ አለን ሆበን በጎጃም በደጋ ዳሞት ጥናት አካሂዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ ሥርዓቱን በሰፊው ገልጾታል። ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅሙን ሁለት ነጥቦች ናቸው።

የመጀመሪያው፣ ርስት ማለት አንድ የተወሰነ ማሳ ማለት አልነበረም። ርስት ማለት ከአቅኚው አባት የሚወለድ ሰው ሁሉ በአቅኚው መሬት ላይ ድርሻ ለመጠየቅ ያለው መብት ነበር። መብቱን ለማግኘት ደግሞ መቁጠር ያስፈልጋል። ባለርስት ነኝ የሚል ሰው በሽማግሌና በዳኛ ፊት ቆሞ “የማን ልጅ ነህ?” ሲባል ከራሱ ተነሥቶ አባትን፣ አያትን፣ ቅድመ አያትን እየጠራ እስከ አቅኚው መድረስ ነበረበት። መሬቱ እያለ ቆጠራውን ያልተማረ ልጅ በአፉ ድርሻውን ያጣ ነበር። ስለዚህ አባት ለልጁ ከማሳው አስቀድሞ የሚያወርሰው ዕውቀትን ነበር ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው፣ ቆጠራው በአባት ብቻ አይሄድም ነበር። በእናትም፣ በእናት እናትም ርስት ይጠየቃል። አባቱ ከሌላ አገር የመጣ ልጅ በእናቱ በኩል ባለርስት ይሆናል። በመሆኑም በብዙ ቤት የትውልዱን ሐረግ የሚያውቁት አሮጊቶች ነበሩ።

ሥርዓቱን ለማሞገስ አይደለም ይህን የምለው። ርስት ዘመን የማይፈታው ሙግት አውርሶናል፤ ወንድምን ከወንድም አጣልቷል። ባለእጆችና በሃይማኖታቸው ምክንያት የተገለሉ ብዙዎች ከርስት ውጭ ሆነው ኖረዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ያ ሁሉ ቆጠራ በአንድ ቀን የሕግ ዋጋውን አጣ። በክልላችን በ1989 ዓ.ም. መሬት እንደገና ተደለደለ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮም ይዞታ እየተለካ ለገበሬው ደብተር ይሰጠው ጀመር። ዛሬ “የማን ልጅ ነህ?” የሚል የመሬት ዳኛ የለም፤ “ደብተርህ የታለ?” ነው የሚለው።

ጥያቄው ግን በስማችን ውስጥ ቀርቷል። እኛ ኢትዮጵያውያን የቤተሰብ ስም የለንም። የአባቴ ስም በእኔ ስም ሁለተኛ ሆኖ ይኖራል፤ በልጄ ስም ሦስተኛ ይሆናል፤ በልጅ ልጄ መታወቂያ ላይ ግን ቦታ አይኖረውም። “ስም ከመቃብር በላይ ይውላል” እንላለን፤ በወረቀት ላይ ግን የሚውለው ለሁለት ትውልድ ያህል ነው። የእናቴ ስም ደግሞ በስሜ ውስጥ ጭራሽ የለም። የጥንቱ ርስት እናትን ይቆጥር ነበር፤ የዛሬው ስማችን አይቆጥራትም። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ሕጉ ለቃል የተወው

ወደ ሕጉ ልለፍ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። አንደኛው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ነው፤ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል። ሁለተኛው ተናዛዡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በገዛ እጁ የሚጽፈው ነው። ሦስተኛው በቃል የሚደረግ ኑዛዜ ነው፤ ሞት መቅረቡ የተሰማው ሰው የመጨረሻ ፈቃዱን ለሁለት ምስክሮች የሚናገርበት።

በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሰው ሀብቱን ሁሉ ሊናዘዝበት ይችላል። በቃል የሚደረገውን ግን ሕጉ በቁጥር 893 አጥሮታል። በቃል የሚናዘዝ ሰው ስለ ቀብሩ ሥርዓት መወሰን፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታ መስጠት፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆቹም አሳዳጊ ወይም ሞግዚት የሚመለከት ቃል መተው ይችላል። ከዚህ አያልፍም። ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ደግሞ ቃሉ ይፈርሳል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቃል ይረሳል፣ ይጨመርበታል፣ ምስክር ይገዛል። ሕጉ መጠንቀቁ ትክክል ነው። ይሁንና ለቃል የተተወውን ዝርዝር ደግማችሁ ተመልከቱት፦ ሬሳዬን እንዴት ትቀብሩታላችሁ፣ ለማን ምን ትንሽ መታሰቢያ ትሰጣላችሁ፣ ልጆቼን ማን ይጠብቅልኛል። ሕጉ ርስትና ሀብትን ለወረቀት ሰጥቶ፣ ለሚሞት ሰው አንደበት ደግሞ ሰው ለሰው ያለበትን አደራ ተወለት።

ቋንቋችንም በዚህ ላይ የሚለው አለው። “ኑዛዜ” ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። ሰው ለንስሐ አባቱ ኃጢአቱን መናገሩ ኑዛዜ ነው፤ ሀብቱን ማውረሱም ኑዛዜ ነው። በብዙ ቋንቋዎች እነዚህ ሁለት ቃላት ናቸው። በእኛ አንድ የሆኑት፣ ይመስለኛል፣ በአንድ አልጋ ዙሪያ፣ በአንድ ምሽት፣ በአንድ አፍ ይፈጸሙ ስለነበር ነው። የሚሞተው ሰው “ይህ በሬ ለእገሌ” ሲል በዚያው አፉ “ለእገሌ ሁለት ቁና ጤፍ አለብኝ፤ እገሌን በድያለሁ” ይላል። ያለውንና ያለበትን በአንድ ትንፋሽ ይናገራል።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው አይሁዳዊ ሐኪምና ተርጓሚ ይሁዳ ኢብን ቲቦን ለልጁ ለሳሙኤል ረጅም ኑዛዜ ጽፎለታል። ብዙ መጻሕፍት የነበሩት ሰው ነው። መጻሕፍቱን መስጠቱ አልበቃውም፤ እንዴት እንደሚጠብቃቸው፣ ለሌላ ሰው እንዴት እንደሚያውሳቸው፣ ከሰው ጋር እንዴት እንደሚኖር በዝርዝር አዘዘው። ዕቃውን ከነአያያዙ አወረሰው ማለት ነው።

የሁለት ፈር ጉዳይ

አሁን ወደ ቤታችን ልግባ።

አባቴ ያረፈው በ2001 ዓ.ም. በጥር ወር ነው። እኔ በሕግ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ያልሞላኝ፣ ዕውቀቴን ለማሳየት የምቸኩል ረዳት መምህር ነበርሁ። ከማረፉ ከሦስት ቀን በፊት የንስሐ አባቱን፣ ሁለት ሽማግሌዎችን፣ እናቴንና ሦስታችንን ልጆቹን አስጠራ። መጀመሪያ የእህልና የገንዘብ ዕዳውን ዘረዘረ፤ ጥቂት ነበር። ከዚያም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ እንዲህ አለ፦ “የታችኛውን ማሳ ድንበር ሁለት ፈር ገፍቻለሁ። ሰውየው በታመመበት ዓመት በእኩል ሳርስለት ነው ያደረግሁት። መልሱለት።”

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1992 ዓ.ም. ጎረቤታችን ክፉኛ ታሞ አንድ ክረምት ሙሉ ከቤት ሳይወጣ ቀረ። አባቴ የእርሱን ማሳ ከእኛው ጋር አርሶ፣ ዘርቶ፣ አርሞ፣ ምርቱን እኩል አካፈለው። አገሩ ሁሉ አመሰገነው። በሚቀጥለው ዓመት ማሳውን ሲመልስ ግን በሁለቱ መካከል የነበረውን የሣር ድንበር ሁለት ፈር ወደ ውስጥ ገፍቶ መለሰው። ስፋቱ ከአንድ ክንድ ብዙም የማይበልጥ፣ ርዝመቱ ግን ማሳውን ከዳር እስከ ዳር የሚያካልል ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመሬት ኮሚቴው ይዞታ ሊለካ ሲመጣ ጎረቤታችን በድንበሩ ላይ ቆሞ ነበር። ምንም አልተናገረም። ሁለቱም ፈር በእኛ ደብተር ተጻፈ።

ከአባታችን አርባ በኋላ ሦስታችንም ከእናታችን ጋር ተቀመጥን። ታላቅ ወንድሜ አራት ልጆች ነበሩት፤ መሬቱን የሚያርሰውም እርሱ ነበር። “ደብተሩ የአባታችን ነው ይላል። መንግሥት የለካውን ማን ያፈርሰዋል?” አለ። ከዚያም ወደ እኔ ዘወር አለ፤ የተማርሁት እኔ ነበርሁና።

እኔም ሕጉን ነገርኋቸው። በቃል የሚደረግ ኑዛዜ ወሰን እንዳለው፣ ከ500 ብር በላይ የሆነን ነገር እንደማይነካ፣ መሬትማ ጨርሶ እንዲህ ባለ ቃል እንደማይተላለፍ አስረዳሁ። “አባታችን የተናገረው በሕግ ፊት ውጤት የለውም” አልሁ። የተናገርሁት ስሕተት አልነበረበትም። ያንኑ መልስ ተማሪ ዛሬ በፈተና ቢጽፍልኝ ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ።

እናቴ እስክጨርስ ድረስ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ “ሕጉ መሬቱን ይጠብቅላችኋል፤ አባታችሁንስ ማን ይጠብቀዋል?” አለች።

ማናችንም አልመለስንላትም። ቆየት ብላ “ደብተሩን አምጡ” አለች። ማንበብ አትችልም፤ ነገር ግን ደብተሩን ገልጣ በአባቴ ፎቶግራፍ አጠገብ ባለው በራሷ ፎቶግራፍ ላይ ጣቷን አኖረች። በክልላችን የይዞታ ደብተር በባልና በሚስት ስም እንደሚወጣ ለተማሪዎቼ አስተምር የነበርሁት እኔ፣ በገዛ ቤቴ የእናቴን መብት ረስቼው ነበር። በስሜ ውስጥ ቦታ የሌላት እናቴ በደብተሩ ላይ ስሟም መልኳም አለ። ሁለቱን ፈር ለመመለስ ሙግት ለማንሣት የሚያስችላት ሕጋዊ አቋም ከሁላችንም ይልቅ የእርሷ ይበልጥ ነበር።

“ታዲያ አንቺው መልሺው” አላት ወንድሜ፤ በቁጣ ሳይሆን በድካም።

“እኔ ብመልሰው የእኔ ሥራ ነው የሚሆነው። እርሱ ያዘዘው እናንተን ነው። እናንተ ካልመለሳችሁት ቃሉ መሬት ወድቆ ይቀራል” አለችው።

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹን ይዘን ወደ ጎረቤታችን ሄድን። የተናገረው ወንድሜ ነው። ሰውየው ጥቂት ዝም ብሎ “አውቅ ነበር፣ ልጆቼ” አለን። “ታምሜ ሳለሁ አርሶ ልጆቼን ያበላ ሰው ነው፤ በሁለት ፈር እንዴት እከሰዋለሁ? ይዞት እንዳይሞት ግን ፈርቼለት ነበር።”

ድንበሩ ተመለሰ፤ ድንጋዩም ተተከለ። ጎረቤታችን ለይሉኝታ ብሎ “ይቅር” አላለም። በመጣው ክረምት ሁለቱን ፈር አርሶ ገብስ ዘራበት። ወንድሜ ያን ዓመት ሲያጭድ የጎደለውን በዓይኑ ለካው፤ ለእኔም ብዙ ወራት እንደ ቀድሞው አላጫወተኝም። ይህን የምናገረው ነገሩ ያለ ዋጋ እንዳልተፈጸመ እንድታውቁ ነው። ዋጋውንም የከፈለው እኔ አይደለሁም፤ እርሱ ነው።

እንግዲህ አባታችን ምን አወረሰን? ፍጹም ምሳሌነትን አላወረሰንም። በታመመ ጎረቤቱ ላይ ድንበር ገፍቶ ዘጠኝ ዓመት ያህል ዝም ያለ ሰው ነው። ያወረሰን ነገር ያልተጨረሰ ነው። መጀመሪያውን ክፉ ሥራ እርሱ ሠራው፤ መናገሩንም እርሱ ተናገረው፤ መመለሱን ግን ለእኛ ተወው። ሬሳ ድንበር አይመልስምና። የውርስ ሕግ ስናስተምር ወራሽ በሟች እግር ይተካል እንላለን። እኔ የዚህን ዐረፍተ ነገር ትርጉም የተማርሁት ያን ቀን ከወንድሜ ኋላ ቆሜ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ደረሰ። ስልክ ተቋረጠ። ወንድሜ ለሥራ ወጥቶ ነበር፤ እኅቴ ባሕር ዳር፣ እኔም እዚህ ነበርን። እናቴ ብቻዋን ነበረች። የዚያ ጎረቤታችን ልጅ ከገዛ እናቱ ጋር አድርጎ በሌሊት ወደ ቆላው አወረዳት፤ ነገሩ እስኪበርድም ጠበቃት። ሁለቱን ፈር ስለመለስን ነው ያደረገው ለማለት አልደፍርም። ደግ ልጅ ነው፤ ባንመልስም ያደርገው ይሆናል። እኔ ግን ፈሩን ይዘን ቀርተን ቢሆን ኖሮ በምን ዓይኔ አይቼው አመሰግነው ነበር?

የማይከፈል ውርስ

ሀብት ሲከፈል ያንሳል። አንድ ማሳ ለአራት ልጅ ሲከፈል ሩብ ሩብ ይሆናል፤ ለልጅ ልጅ ሲደርስ ፈር ይቀራል። ሳይከፈል የሚተላለፍ ውርስ እንዳለ ለማየት ከንፋስ መውጫ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የድጓ ትምህርት ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተ ልሔም በጋይንት ናት። የድጓው ዜማ የቤተ ልሔም፣ የቆማና የአጫብር እየተባለ በስልት ይለያል፤ ከእነዚህ ሁለቱ ስማቸውን ያገኙት ከደቡብ ጎንደር ምድር ነው። የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ የሆነችው ዙር አምባም እንዲሁ የደቡብ ጎንደር ናት።

የድጓ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቦ፣ እህል ለምኖ፣ በጎጆ እያደረ ዓመታት ይቆያል። ድጓውን በቃሉ ይማራል፤ በገዛ እጁም ገልብጦ ከነምልክቱ ይጽፋል። መምህሩ ያርመዋል። ተመስክሮለት ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ሊቃውንቱ የሚጠይቁት “የማን ተማሪ ነህ?” ብለው ነው። ይህ ያው የርስት ጥያቄ ነው፤ “ልጅ” በሚለው ቦታ “ተማሪ” ገባ እንጂ። የኔታ መቶ ተማሪ ቢያወጡ የእርሳቸው ድጓ አንድ መስመር አይጎድልም። ማንንም ሳያስተምሩ ቢሞቱ ግን ዕውቀታቸው አብሯቸው ይቀበራል። ማሳና ዜማ በዚህ ይለያሉ፦ ማሳ ባለቤቱ ሲሞትም አለ፤ ዜማ ግን ሰጪው በሕይወት ሳለ ካልተሰጠ የለም።

እ.ኤ.አ. በ1955 ቶማስ ፓክናም የተባለ ወጣት አውሮፓዊ ተጓዥ ቤተ ልሔም ሲደርስ ከውጭ ያየው እንደ ሌላው የአገራችን ቤተ ክርስቲያን ክብ የሣር ክዳን ነበር። ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ግን በክቡ ሕንፃ መካከል የመካከለኛው ዘመን የሆነ ባለአራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ሙሉውን ቆሞ አገኘ። ኋላ የመጡት ልጆች የአባቶቻቸውን ሕንፃ ሳያፈርሱ የራሳቸውን በላዩ ሠሩበት። ነገሩን በቃል ማስረዳት ሲያቅተኝ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ይህን ነው።

የዚህን ተቃራኒም ያው አገር አይቷል። ዐፄ ቴዎድሮስ በመጨረሻ ዘመናቸው ሴቫስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ የተጓዙት በጋይንት፣ በጨጨሆ በኩል መንገድ እያሠሩ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ ልጃቸው ዓለማየሁ ሰባት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ልጅ ነበር። ዘውዱ፣ ጽዋዎቹና የብራና መጻሕፍቱ ተዘርፈው ወደ እንግሊዝ ሄዱ፤ ልጁም ተወሰደ። ብራናዎቹ ዛሬም በቁጥር ተመዝግበው፣ ሙቀቱ በተመጠነ ክፍል ተጠብቀዋል። ዓለማየሁ ግን በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በባዕድ አገር ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ። ሀብት ያለ ወራሽም ሊኖር እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

የአባት ዕዳ

የሚተላለፈው ሁሉ መልካም ነው ብዬ እንዳላሳስታችሁ። “የአባት ዕዳ ለልጅ” ይባላል። በሕጋችን መርሕ የሟች ዕዳ የሚከፈለው ከውርሱ ነው፤ ልጅ ከወረሰው በላይ ከኪሱ እንዲከፍል አይገደድም። ልማዱ ግን ከገንዘብ የከፋ ዕዳ ያወርሳል፤ ቂምን። በአገራችን ከአባት ምንም ሳይደርሰው ደም ብቻ የደረሰው ልጅ አለ። ገና በሕፃንነቱ “አባትህን የገደለው የእገሌ ወገን ነው” እየተባለ ያድጋል። ጠላቱን በመልኩ ሳያውቀው በስሙ ይወርሰዋል። ይህም ከሀብት ሌላ የሚቀር ውርስ ነው፤ ሲተላለፍ የማያንስ፣ ይልቁንም የሚበዛ።

ሽማግሌዎች ደም ሲያደርቁ የሚሠሩትን ሥራ በዚህ ዓይን ብንመለከተው ይገባናል። ለልጆች ሳይደርስ የሚቋረጥ ውርስ እንዲኖር ያደርጋሉ። ከወላጅ የሚጠበቀው የሚያወርሰውን ማዘጋጀት ብቻ አይደለም፤ የማያወርሰውንም መምረጥ ነው። አባቴ ዝም ብሎ ቢሞት ኖሮ ሁለቱ ፈር ከነዝምታው ለወንድሜ ልጆች ይደርስ ነበር። የጎረቤታችን ልጆችም የተገፋ ድንበር ትዝታ ይወርሱ ነበር። ሙግት፣ አልፎም ደም፣ በአገራችን የሚጀምረው ብዙ ጊዜ እንዲህ ካለ ድንበር ነው።

ማጠቃለያ

ከመጀመሪያው ጥያቄዬ ጋር ልሰናበታችሁ። ወላጅ ከሀብቱ ሌላ የሚተወው ነገር፣ በእኔ መረዳት፣ ከሰዎች ጋር የነበረው ሒሳብ ነው፦ የታመነበት፣ ያጎደለው፣ የተቀበለው፣ ያልመለሰው። ይህ ሒሳብ በደብተር አይጻፍም፤ በቃል ካልተነገረም ልጅ ሊያውቀው አይችልም። ስለዚህ ይህን ውርስ ለማግኘት መነጋገር ያስፈልጋል።

እናንተ ተማሪዎች ብዙዎቻችሁ ወላጆቻችሁ በሕይወት አሉ። ክረምት ቤት ስትገቡ ስለ መሬቱ ከመጠየቃችሁ በፊት ሐረጋችሁን ጠይቁ፤ በአባትም በእናትም። “የማን ዕዳ አለብን? ማንን በድለናል? ማን ውለታ ውሎልናል?” ብላችሁ ጠይቁ። ሲሞቱ ለመጠየቅ አትጠብቁ፤ በዚያ ሰዓት ትንፋሽ ያጥራል፣ ሰውም ይበዛል። ለመምህራን ባልደረቦቼ ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። ቁጥር 893ን ስናስተምር ተማሪው ገደቡን ብቻ ይዞ እንዳይወጣ፤ ሕጉ ለሚሞት ሰው አንደበት ምን እንደተወለት እናሳየው።

እናቴ ዛሬም በዚያው ቤት አለች። ባለፈው የፋሲካ በዓል ሄጄ ሳለሁ የወንድሜን ታናሽ ልጅ በታችኛው ማሳ ዳር ይዛው ቆማ አየኋት። ድንጋዩን እያሳየችው ነበር። “ይህንን አያትህ ናቸው ያስተከሉት” ስትለው ሰማሁ። አባቴ ከሞተ በኋላ የተተከለ ድንጋይ ነው፤ እኔም አላረምኋትም።